ለልጆቹ ሲባል

ሽማግሌዎች ባልና ሚስት ሊያስታርቁ በተቀመጡበት ቤት ሁሉ፣ ይዋል ይደር እንጂ የምትመጣ አንዲት ቃል አለች። የባል ጥፋት ተዘርዝሮ፣ የሚስት ምሬት ተሰምቶ፣ ከመጽሐፍ የሚጠቀሰው ተጠቅሶ ነገሩ አልላላ ሲል፣ አንዱ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ይስቡና «ይሁን፤ ሌላው ሁሉ ይቅር። ለልጆቹ ሲባልስ?» ይላሉ። ቤቱ ጸጥ ይላል። ለዚህ ጥያቄ «እምቢ» ብሎ የሚመልስ ወላጅ ብዙ የለም፤ ቢኖርም ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ቀና ብሎ መሄድ ይከብደዋል።

በዚህች ቃል የተረፉ ትዳሮች አሉ፤ አልክድም። የእኔ ነገር ግን ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ ስለሚሰማት ልጅ ነው። ለእሱ ቃሏ ሌላ ነገር ትነግረዋለች፤ ይህ ቤት የቆመው በአንተ ነው ትለዋለች። ታዲያ ቤቱ ሲፈርስ ምን ይበል? ልጅ ሒሳብ ያውቃል። በልጆቹ ተለምኖ እምቢ ከተባለ ልጆቹ አልበቁም ማለት ነው።

እናትና አባቴ የተለያዩት በ1985 ዓ.ም. ደሴ ላይ ነው። እኔ የ11፣ ወንድሜ የ9፣ ታናሽ እህታችን የ4 ዓመት ልጆች ነበርን። ያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን ለቤተዘመድ ሽማግሌዎች ይሰጥ ስለነበር፣ የወላጆቼ ትዳር ያበቃው ፍርድ ቤት ሳይሆን ሳሎናችን ውስጥ ነው። ከተቀመጡት አንዱ የእናቴ አጎት፣ አንዱ የአባቴ የሥራ ባልደረባ፣ ሌላው ደግሞ ሁለቱም የሚያከብሯቸው ጎረቤታችን ሼህ ነበሩ፤ ወሎ ውስጥ የክርስቲያን ትዳር በሼህ ሲሸመገል የሚገረም የለም። ቡና ተፈላ። እኛን «ሂዱ፣ ውጭ ተጫወቱ» አሉን። ወንድሜና እኔ በጓሮ ዞረን መስኮቱ ሥር ተቀመጥን፤ ትንሿ እህታችን እንዳታለቅስ ቆሎ አስያዝናት።

የሰማነው ግማሽ ግማሹን ነው። ስለ ገንዘብ ተነገረ፤ ስለ አባቴ እህቶች ተነገረ፤ መሐል ላይ «ጫማ» የሚል ቃል ገባ። ወንድሜ ከዚያ ሁሉ ንግግር ይዞ የቀረው ይህችን ቃል ብቻ ነው። ትምህርት ሲከፈት አዲስ ጫማ ካልተገዛልኝ ብሎ አኩርፎ ነበርና፣ ቤታችን የፈረሰው በጫማው እንደሆነ ደመደመ። ይህን የነገረኝ ሚስት ካገባ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ለብቻው ይዞት ኖሯል። በዚያ ዓመት ግን ማንም አልጠረጠረም፤ ወንድሜ በአንድ ጊዜ ጨዋ ሆነ እንጂ። ምንም አይጠይቅም። የቀረበለትን ይበላል፣ የተቀደደ ሱሪውን ራሱ ይሰፋል። ጎረቤቶች «እንዴት ያለ አስተዋይ ልጅ ነው፤ የእናቱ ችግር ገብቶታል» እያሉ አመሰገኑት። ስለ ፍቺ ልጆች ሳስብ ከሚረብሹት ይልቅ እንዲህ ያሉት ናቸው የሚያሳስቡኝ። የሚረብሽ ልጅ ቢያንስ ይታያል።

እህታችን ሌላ መንገድ ሄደች። ትታው የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ጀመረች፤ እናቴ ወደ ገበያ ስትወጣ ቀሚሷን ይዛ አትለቅም። አንዱ ወላጅ ሄዶ ካልተመለሰ ሌላውም ሊሄድ ይችላል ብላ ማሰቧ እንደ ዕድሜዋ ከሆነ ትልቅ ማስተዋል ነበር። ያገኘችው ግን ቁጣ ነው። እኔ ደግሞ ዳኛ ሆንኩ። የ11 ዓመት ልጅ ጥፋተኛ ሳያገኝ አይተኛም። አንድ ሰሞን አባቴ ነበር ጥፋተኛው፣ ሌላ ሰሞን እናቴ፣ ክረምቱን በሙሉ ደግሞ የአባቴ ታላቅ እህት።

መምህር ከሆንኩ በኋላ መጻሕፍት ሳገላብጥ ሦስታችንንም በሰው አገር ጥናት ውስጥ አገኘሁን። ጁዲት ዋለርስታይን የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1971 ካሊፎርኒያ ውስጥ ማሪን በሚባል አካባቢ የ60 ቤተሰቦችን 131 ልጆች መከታተል ጀምራ ለ25 ዓመታት ቀጥላለች። ሕጻናቱ ትተውት ወደነበረው ጠባይ ሲመለሱ፣ ከፍ ያሉት ሲያዝኑና ሲናፍቁ፣ ከ9 ዓመት በላይ ያሉት ደግሞ ሲቆጡና ለአንዱ ወላጅ ሲወግኑ መዝግባለች። ወላጆቹ ሌላ ትዳር ከመሠረቱም በኋላ እንኳን ብዙዎቹ ልጆች እናትና አባታቸው አንድ ቀን ይታረቃሉ ብለው መጠበቃቸውንም ጽፋለች። ጥናቷ ማነጻጸሪያ የሌለውና ከአንድ ሀብታም ሰፈር የተወሰደ ነው ተብሎ ይተቻል፤ ትችቱ ልክ ነው። ሆኖም የልጆቹን መልክ ሳነብ የደሴው ጓሮ ታየኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሣ። ፍቺን «ዘመን ያመጣብን» የሚሉ ሰዎች ይገርሙኛል። እ.ኤ.አ. በ1990 በአገራችን በተካሄደ የቤተሰብና የወሊድ ጥናት ላይ ተመሥርቶ የተሠራ ስሌት፣ ከመጀመሪያ ጋብቻዎች 45 በመቶ ያህሉ በ30 ዓመት ውስጥ በፍቺ እንደሚያበቁ፣ ከሚፈቱት ሴቶች ሁለት ሦስተኛው ደግሞ የሚፈቱት በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት እንደሆነ ያሳያል። ያኔ ፌስቡክ አልነበረም፤ የቱርክ ተከታታይ ፊልምም ገና አልመጣብንም። በቁርባን ያልታሰረ የሰማንያ ጋብቻ እንደሚፈታ አባቶቻችን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የእናቴ እናት ሦስት ባል አግብታለች፤ ስትናገረው ከቤት ወደ ቤት የተዛወረች ያህል ነው እንጂ እፍረት የለባትም።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። በአያቴ ጊዜም ለልጅ ምንም አይነገረውም ነበር፤ ግን የሚቀመጥበት ጭን አያጣም። አባቱ ቢሄድ አጎት አለ፣ አያት አለች፣ የእንጀራ ልጅ ከወለዱት ጋር አንድ መሶብ ላይ ይቀርባል። ሁሉም ደግ ነበር ማለቴ አይደለም፤ በእንጀራ እናት የተንገላታ ልጅ ታሪክ ስንቱ ቤት አለ። ሰው ግን አይጠፋም። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚለያዩ ባልና ሚስት ልጅ ያለው አንዲት ሠራተኛና አንድ ስልክ ነው። ያለመናገር ልማዳችንን ከገጠር ይዘነው መጣን፤ ጭኑን ግን እዚያው ትተነው መጣን።

የእኛ ቤት ደግሞ የሚጮህበት ቤት አልነበረም። እናቴ ገመናዋን የምትሰበስብ ሴት ናት። ጠባቸው ጓዳ ውስጥ፣ በሹክሹክታ፣ እኛ ከተኛን በኋላ ነበር። ጠዋት ሁለቱም አንድ ላይ ቁርስ ይበላሉ። ስለዚህ የመለያየታቸው ወሬ ሲመጣ ከሰማይ እንደወረደ ነው የቆጠርነው። ይህ ለልጆች የታሰበ ደግነት እንደሆነ አሁን ይገባኛል። ግን ፖል አማቶ የተባለ የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ብዙ ቤተሰቦችን ለዓመታት ከተከታተለ በኋላ ያገኘው ነገር ለእኛ ቤት የተጻፈ ይመስላል። ጠብና ድብደባ በበዛበት ቤት ያደጉ ልጆች ወላጆቻቸው ሲፋቱ እፎይ ይላሉ፤ ከዚያ በኋላም ሲታዩ በጠብ ውስጥ አብረው ከቀሩት ወላጆች ልጆች የተሻሉ ናቸው። ክፉኛ የሚጎዱት ምንም ጠብ ሳያዩ ፍቺው በድንገት የሚመጣባቸው ናቸው። ነገሩ ይገባል። ጠብ ያየ ልጅ ቢያንስ ምክንያት አለው። ያላየ ልጅ ምክንያቱን ራሱ ይፈጥራል፤ ሲፈጥርም ከጫማው ይጀምራል።

«ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» የሚለው ተረት በፍቺ ወሬ ላይ ሁልጊዜ ይጠቀሳል። አልወደውም። ሣር አያዳምጥም፣ አያሰላም፣ መልእክት አያደርስም። እኛ ግን እናደርስ ነበር።

የልጆች ቀለብ 120 ብር ተቆረጠ። አባቴ የሚሠራው ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነበር፤ ከተለያዩ በኋላም እዚያው ቤት ተከራየ። በየወሩ ደመወዝ በወጣ በመጀመሪያው ቅዳሜ ወንድሜና እኔ ገንዘቡን ለመቀበል እንላካለን። እናቴ ረዳቱን ታውቀዋለች፤ «እነዚህን ልጆች አደራ» ብላ ከፊት ታስቀምጠናለች። መንገዱ ከደሴ ተነሥቶ ሐረጎ የሚባለውን ቁልቁለት እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ወንድሜ ሁልጊዜ ያቅለሸልሸዋል፤ የዞረበት በመንገዱ ብቻ እንዳልነበረ ግን እርግጠኛ ነኝ። ከመሳፈራችን በፊት እናቴ ትነግረናለች። «የቤት ኪራይ ጨምሯል በሉት። እህቶቹን ከሚቀልብ ልጆቹን ይቀልብ በሉት።» እኔ አንድ ጊዜ በልቤ እደግመዋለሁ።

ፋብሪካው በር ላይ ዘበኛው አይቶን «መጡ!» ይላል፤ የማን ልጆች እንደሆንን ብቻ ሳይሆን ለምን እንደመጣንም ያውቃል። አባታችን የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ ይወጣና ማዶ ያለው ሻይ ቤት ይወስደናል። ፓስቲ ይታዘዛል። እሱ አይበላም፤ እኛን ያያል። ከዚያ የታጠፈ ፖስታ ከደረት ኪሱ አውጥቶ ለእኔ ይሰጠኛል፤ እኔም ካልሲዬ ውስጥ እከተዋለሁ። «እናታችሁ ምን አለች?» ይላል ዘወትር። እኔም «የቤት ኪራይ ጨምሯል ብላለች» እላለሁ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሐረጎ ላይ ቀርቷል። እሱም ፊቱን ያጠቁርና «እናንተን ወደዚህ ማምጣት እንደማያቅተኝ ንገሯት» ይላል። ደሴ ስንደርስ «ምን አለ?» እንባላለን። «ደህና ሁኑ ብሏል፤ ለትምህርታችሁ በርቱ ብሏል» እላለሁ። ወንድሜ እያየኝ ዝም ይላል። ያ መንገድ ስንት ክፉ ቃል እንደዋጠ እኔና እሱ ብቻ ነን የምናውቅ።

ማንም አላስተማረንም። ሁለት ወላጅ ያለው፣ ሁለቱንም የሚወድ ልጅ፣ በመሐላቸው ሲቆም ይህን ከራሱ ይማረዋል። እስከ ዛሬ ስልክ ያነሣ ሰው ገና «ሃሎ» ሲል በምን ስሜት እንዳለ ከድምፁ አውቃለሁ። ሰዎች ተሰጥኦ ይሉታል። ተሰጥኦ አይደለም፤ የኮምቦልቻ ቅዳሜ ነው።

ከመልእክቱ የከበደው ግን ሌላ ነበር። ከፓስቲው በኋላ አባቴ አንዳንዴ ኳስ ይጫወትልን፣ አንዳንዴም ቦርከና ወንዝ ዳር ይወስደን ነበር። በጣም ደስ ይለን ነበር። ያንን ደስታ ግን ይዞ ቤት መግባት አይቻልም። በር ላይ ስንደርስ ፊታችንን እናስተካክላለን። እናቴ «እንዴት ነበር?» ስትል «ደህና ነው» ብለን እናልፋለን፤ በአባታችን መደሰታችን እሷን የሚወጋት ይመስለን ነበርና። በተራው አባታችን ስለ እናታችን ሲጠይቅ ሳቋን እንደብቅበታለን። አንድ ልጅ ደስታውን እንደ ሌባ ደብቆ ሲገባ፣ ስለ መለያየት ምን ያህል ተላምዷል ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ተላምዷል፤ አለማመዱ ነው ችግሩ።

አባቴ ከወጣ በኋላ የመጀመሪያው ፋሲካ ሌላ ሹመት አመጣ። ዶሮው ተሠርቶ ሌሊት ስንፈስክ ፈረሰኛው ድስቱ ውስጥ ቀረ። የአባወራ ብልት ነው፤ ሁልጊዜ ለአባቴ ነበር የሚወጣው። እናቴ ጭልፋውን ይዛ ትንሽ ቆመች። አያቴ ተቀበለቻትና ፈረሰኛውን አንሥታ ወንድሜ ፊት አስቀመጠችው። «እንግዲህ የዚህ ቤት አባወራ አንተ ነህ፤ እናትህን አደራ» አለችው። ሁሉም አጨበጨበ። ወንድሜ በላው። የ9 ዓመት ልጅ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ማታ ማታ የበሩን መቀርቀሪያ እየተነሣ መፈተሽ ጀመረ። አያቴ ያደረገችው ከፍቅር ነው፤ ባዶውን ቦታ በሰው መሙላት ነው የፈለገችው። ስንት ቤት ውስጥ ይህ እንደሚደረግ ግን ቆጥሬ አልጨርሰውም። ለወንዱ ልጅ «አባወራው አንተ ነህ»፣ ለሴቷ ልጅ «እናትሽን አጽናኛት»። ልጅነታቸውን ያጡበትን ቀን እንደ ምርቃት ይቀበሉታል።

የኛ አጠራር ደግሞ አያስረሳም። በእኛ አገር ልጅ የአባቱን ስም ይዞ ይዞራል። ቤት ውስጥ እናቴ የአባቴን ስም አትጠራም ነበር፤ «ያ ሰው» ነው። ትምህርት ቤት ግን በየጠዋቱ ስም ጥሪ አለ፤ ስሜ ሲጠራ የእሱም አብሮ ይጠራል፣ እኔም «አለሁ» እላለሁ።

አሁን እኔ ነኝ ስም የምጠራው። ስለዚህ አንዳንዴ የስም ዝርዝሩ ላይ ቆም እላለሁ። ውጤቱ በድንገት የወደቀ ልጅ አለ፤ በድንገት የተሻለም አለ፤ ውጤት ካመጣሁ ይታረቃሉ ብሎ ስእለት የተሳለ ነው የሚመስለው። የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ደብዳቤውን ለየትኛው እንደሚሰጥ ጨንቆት ለማንም ሳይሰጥ የሚቀር አለ። እንዲያም ሆኖ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር መጻፍ አልፈልግም፤ እውነትም አይሆንም። ማቪስ ሄዘሪንግተን የተባለች የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ 1,400 ያህል ቤተሰቦችን ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ተከታትላ፣ ከተፋቱ ወላጆች ልጆች ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆኑት ከባድ የጠባይና የስሜት ችግር እንደሚገጥማቸው፣ ካልተፋቱት ደግሞ 10 በመቶ ያህሉ እንደሚገጥማቸው አግኝታለች። እጥፍ ነው፤ ቀላል አይደለም። ግን ቁጥሩን ገልብጣችሁ ብታነቡት ከአራት ሦስቱ ይቆማሉ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከባዶቹ ናቸው፤ ከዚያ አብዛኛው ቤት ይረጋጋል።

ሮበርት ኤሜሪ የተባለ ሌላ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ሰው ደግሞ እነዚህ የቆሙት ልጆች ሕመም የላቸውም ማለት እንዳልሆነ ያስታውሳል። ይማራሉ፣ ይሠራሉ፣ ያገባሉ፤ በሠርጋቸው ቀን ግን ሁለቱ ወላጆቻቸው አንድ ድንኳን ውስጥ መቀመጣቸው ያስጨንቃቸዋል። ወንድሜ መሐንዲስ ነው፤ ጥሩ ባል ነው፤ ጫማ ሲገዛ ግን እስከ ዛሬ ያንገራግራል።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ ነገር ተለውጧል። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ፍቺን ከሽማግሌዎች አንሥቶ ለፍርድ ቤት ሰጠ። ብዙ ክልሎችም የየራሳቸውን አወጡ። ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስቱን ያነጋግራል፤ ከ3 ወር የማይበልጥ የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ፍቺውን ሲወስን ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ቀለባቸውን፣ ትምህርትና ጤናቸውን፣ ከሌላው ወላጅ ጋር የሚገናኙበትን ሁኔታ አብሮ ይወስናል። ድሮ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከባድ ምክንያት ከሌለ እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ለእናቱ ይሰጥ ነበር፤ በአዲሱ ዳኛው የልጁን ዕድሜና ጥቅም፣ የወላጆቹንም ሁኔታ አይቶ ይመዝናል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632፣ ወላጅ አባት ልጁን ያሳደገችውን አክስት ተከራክሮ ልጁ ይሰጠኝ ባለበት ጉዳይ፣ ከሥጋ ዝምድናው ይልቅ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ጠቅሶ የልጁን ጥቅም አስቀድሟል። ትልቅ ውሳኔ ነው።

ነገር ግን ዳኛ የሚወስነው ልጁ የት እንደሚኖር ነው። ማታ «አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?» ለሚል ልጅ መልስ የሚሰጥ የሕግ አንቀጽ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ድሮ ያ የሽማግሌዎች ድርሻ ሊሆን ይችል ነበር። የእኛ ሽማግሌዎች ግን ለማስታረቅ ብቻ የተሰበሰቡ ናቸው። እርቁ ካልተሳካ ቡናቸውን ጠጥተው፣ «እግዜር ያውቃል» ብለው፣ ጫማቸውን አድርገው ይሄዳሉ። የእኛዎቹም እንዲሁ ሄዱ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ዋናው ሥራ የሚጀመረው እነሱ ከወጡ በኋላ ነበር።

ኤሜሪ የሠራው ሌላ ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅመኛል። በልጅ ጉዳይ ፍርድ ቤት ለመካሰስ የመጡ ወላጆችን በዕጣ ከፍሎ፣ ገሚሶቹ ክሳቸውን እንዲቀጥሉ፣ ገሚሶቹ ደግሞ ገለልተኛ ሰው መሐላቸው ተቀምጦ ስለ ልጆቻቸው እንዲስማሙ አደረገ። አስታርቆ ለመመለስ አይደለም፤ በደንብ ለማለያየት ነው። የተቀመጡት በአማካይ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። ከ12 ዓመት በኋላ ሲታዩ፣ ከልጁ ጋር የማይኖረው ወላጅ በሽምግልናው ካለፉት ዘንድ ከልጁ ጋር ያለው ግንኙነት ከተካሰሱት እጅግ የተሻለ ነበር። ሳነበው ሳቅኩ። እነሱ በምርምር የደረሱበት ነገር የሚሠራበት ሰው፣ ወንበርና ቡና በየሰፈራችን አለ። የጎደለው ሽማግሌዎቻችን እርቅ እንቢ ሲባልም እንዲቀመጡ የሚነግራቸው ነው።

በባሕር ማዶ ያለውን በአጭሩ ላንሣ፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ወሎ ውስጥ እናት ቤይሩት ወይም ሪያድ ለሥራ ሄዳ ልጆቹ አያት ዘንድ የቀሩበት ቤት ብዙ ነው። ትዳሩ በስልክ ይፈርሳል። ልጁ እናቱ የሄደችው ለእንጀራ ይሁን ከአባቱ ሸሽታ አያውቅም፤ የሚነግረውም የለም። ሜሪላንድ ያለች ጓደኛዬ ደግሞ ስትፋታ የባሏ ጠበቃ የላከውን ደብዳቤ የሚያነብላት የ13 ዓመት ልጇ ነበረች። ልጅቷ «ለልጁ ቀለብ መክፈል አልችልም» የሚለውን ክፍል ዘልላ ተረጎመችላት። ሐረጎ እዚያም አለ።

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ትዳሩ ሲናጋ እኔም ከሽማግሌዎቹ ጋር ተጠራሁ። እርቁ አልሆነም። የአሥር ዓመት ልጅ አላቸው። ሰዎቹ ለመነሣት ሲሰናዱ «ልጁንስ ማን ይነግረዋል?» አልኳቸው። ከመሐላችን ትልቁ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ አልወደዱትም። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል፤ እሱን ምን አገባው? ስትነግሪው በእናትና አባቱ ላይ ዳኛ ታደርጊዋለሽ» አሉኝ። በከፊል ልክ ናቸው። «ከማን ጋር መኖር ትፈልጋለህ?» ብሎ ልጅን መጠየቅ ጭካኔ ነው፤ የትኛውንም ቢመልስ አንዱን ይከዳል። አገራችን የተቀበለችው የሕጻናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 12 ልጅ ይሰማ አለ እንጂ ልጅ ይፍረድ አላለም። እኔ የጠየቅሁት እንዲነገረው ነው። ጋሼ እስከ ዛሬ አልተቀበሉኝም፤ ባገኙኝ ቁጥር «ያ የአንቺ ፈረንጅኛ» ይሉኛል።

ቢሆንም ሦስት ቅዳሜ ተቀመጥን፤ ጋሼም እያጉረመረሙ መጡ። ለልጁ እናቱና አባቱ አብረው ሆነው ነገሩት። አባቱ «አብረን መኖር አልቻልንም። ምክንያቱ የእኛ የሁለታችን ነው፤ አንተ ያደረግከው ነገር የለም» አለው። ልጁ አላለቀሰም። ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «ብስክሌቴስ የት ይሆናል?» አለ። ጋሼ ሳቁ። ለእኔ ግን በሦስቱ ቅዳሜ ከሰማሁት ሁሉ የተሻለው ጥያቄ እሱ ነበር። ቀጥሎ ጠየቀ፤ ትምህርት ቤት ማን ያደርሰኛል? ገና የት ነው የምውለው? አያቴ አሁንም አያቴ ናት ወይ? ለጓደኞቼ ምን እላለሁ? ሁሉንም ወረቀት ላይ ጻፍነው።

ለፍርድ ቤት በቀረበው ስምምነት ውስጥ አብዛኛው ገብቷል፤ ፍርድ ቤት የልጆችን ጥቅም የማይጠብቅ ስምምነት የማረም ሥልጣን ስላለው ጠበቃዋ ቀድማ አጥርታ ጻፈችው። ልጁ ከእናቱ ጋር ይኖራል። ዓርብ ማታ እስከ እሑድ ከአባቱ ጋር ነው። ገና ከአባቱ፣ ፋሲካ ከእናቱ ጋር፤ በሚቀጥለው ዓመት ይገላበጣል። ቀለቡ በቴሌብር ይላካል፤ ልጁ ገንዘብ አይነካም፤ «እንዲህ በለው» የሚባል መልእክትም በእሱ አይላክም። ይህ የመጨረሻው እንዲጻፍ አጥብቄ የያዝኩት እኔ ነኝ። ብስክሌቱ አባቱ ዘንድ ነው፤ እዚያ ግቢ አለ። የትምህርት ቤት ካርድ ላይ የሚፈርመው ማን እንደሆነ ግን እስካሁን አልተስማሙም። ባለፈው ሴሚስተር ሁለቱም ፈርመውበት መጣ፤ የክፍል ኃላፊዋ «ወላጅ» ከሚለው መስመር አጠገብ ሁለተኛ መስመር በእስክሪብቶ አሥምራ መልሳዋለች።